የሞዴል አውሮፕላን ሪሞት አመራረጥ፦ ከድሬዳዋ ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በድሬዳዋና በሐረር የፎም አውሮፕላን ሠርተው ወይም ገዝተው ማብረር ከሚፈልጉ ወጣቶችና ከወላጆቻቸው የሚመጡ ናቸው። መልሶቹ የሚመለከቱት ክንፍ ያላቸውን ሞዴሎች ነው። ለፎቶና ለቪዲዮ የሚሸጡ ድሮኖች የራሳቸውን ሪሞት ይዘው ስለሚመጡ የመምረጥ ጣጣ የለባቸውም።

ገንዘቤ ውስን ነው። ለአውሮፕላኑ ላውጣው ወይስ ለሪሞቱ?

ለሪሞቱ። ጀማሪ አውሮፕላን መስበሩ አይቀርም፤ የተሰበረ ፎም ግን በሙጫ ይጠገናል፣ ካልሆነም ክንፉ እንደ አዲስ ይቆረጣል። ሪሞቱ ከእጅዎ አይወጣም፣ መሬትም አይመታም። በአግባቡ ከተያዘ ሰርቮዎቹ (በክንፉና በጭራው ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች የሚያዞሩት ትንንሽ ሞተሮች) አልቀው፣ ሞተሩ ተቀይሮ፣ ሦስተኛውና አራተኛው አውሮፕላን ሲመጣም እሱ ሥራ ላይ ነው። «ለመብረር ዝግጁ» ተብሎ በካርቶን ታሽጎ ከሚሸጥ ርካሽ ጥቅል ጋር የሚመጣው ሪሞት ብዙውን ጊዜ ለዚያ አንድ አውሮፕላን ብቻ የተሠራ ነው፤ አውሮፕላኑ ሲያበቃ ሪሞቱም አብሮት ያበቃል። እጅ ያጠረው ሰው ይህንን ጥቅል ሲገዛ የቆጠበ ይመስለዋል፤ በዓመቱ ግን ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

ልጄ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተገዛ የመጫወቻ መኪና ሪሞት አለው። እሱን መጠቀም አይቻልም?

አይቻልም። የመጫወቻ ሪሞት የሚግባባው መጫወቻው ውስጥ ከተበየደው ሰሌዳ ጋር ብቻ ነው፤ ሰርቮ የሚሰካበት ለብቻው የሚወጣ ሪሲቨር፣ ማለትም አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበል ክፍል፣ የለውም። ብዙዎቹም የሚያውቁት «ሙሉ» እና «ዜሮ» ብቻ ነው። አውሮፕላን ደግሞ በየቅጽበቱ ትንሽ በትንሽ መታዘዝ አለበት።

ስንት ቻናል ይበቃኛል?

ስድስት። ቻናል ማለት ሪሞቱ ለብቻው ሊያዝዘው የሚችለው አንድ እንቅስቃሴ ነው። መደበኛ አውሮፕላን አራት ይፈልጋል፦ የሞተሩ ጉልበት፣ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ኤሌቬተር፣ ጭራው ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚመራው ራደር፣ በክንፎቹ ጠርዝ ላይ ሆነው አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉት ኤለሮኖች። ጭራ የሌለው፣ ሁለመናው ክንፍ የሆነ ሞዴል በሦስት ይበራል፤ ነገር ግን ሪሞቱ የኤሌቬተርንና የኤለሮንን ትእዛዝ አደባልቆ ለሁለቱ ሰርቮዎች መላክ መቻል አለበት። ሁለቱ ትርፍ ቻናሎች ወደፊት ፍላፕ (ለማረፍ ሲዘገይ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚታጠፍ ክፍል) ወይም ተጣጣፊ ጎማ ለሚገጥም ሰው ይጠቅማሉ። በማስታወቂያው ላይ 16 ቻናል የሚል ጽሑፍ አያጓጓዎት፤ ለጀማሪ ምንም አይጨምርለትም።

ሞድ 1 እና ሞድ 2 የሚባሉት ምንድን ናቸው?

በሪሞቱ ላይ በጣት ከሚገፉት ሁለት ዘንጎች የትኛው ምን እንደሚያዝ የሚወስኑ አደረጃጀቶች ናቸው። በሞድ 2 የግራው ዘንግ የሞተሩን ጉልበትና ራደሩን፣ የቀኙ ኤሌቬተሩንና ኤለሮኖቹን ያዛል። በሞድ 1 ጉልበቱና ኤለሮኖቹ በቀኝ፣ ኤሌቬተሩና ራደሩ በግራ ይሆናሉ። ሪሞቱን በእጅዎ ሲይዙ በቀላሉ ይለዩታል፦ የጉልበቱ ዘንግ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ባቆሙት ቦታ ይቀራል፤ ሌሎቹ እንቅስቃሴዎች ሲለቀቁ በስፕሪንግ ወደ መሃል ይመለሳሉ።

ከሁለቱ የሚበልጥ የለም። የሚያስተምርዎ ሰው ካለ የእሱን ሞድ ይውሰዱ፤ አውሮፕላኑ ተገልብጦ ወደ መሬት ሲወርድ ሪሞቱን ከእጅዎ ተቀብሎ የሚያድንልዎ እሱ ነውና፣ በዚያች ሰከንድ እጁ ግራ መጋባት የለበትም። የሚያስተምርዎ ከሌለ ሞድ 2 ይዘዙ፤ በኢንተርኔት የሚያገኟቸው አብዛኞቹ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች በእሱ ነው የሚያስረዱት።

አንቴናው እየተሳበ የሚረዝም የቆየ ሪሞት በርካሽ አገኘሁ። ልውሰደው?

አይውሰዱት። እነዚያ ሪሞቶች የሚሠሩት እንደየአገሩ በ35 ወይም በ72 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ በትክክል የሚሠሩበትን ፍሪኩዌንሲ የምትወስነው ክሪስታል የምትባል ትንሽ ተነቃይ ክፍል ናት። ሁለት ሰዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሪሞታቸውን ካበሩ በአየር ላይ ያለው አውሮፕላን ይወድቃል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት የዛሬዎቹ ሪሞቶች ግን ከራሳቸው ሪሲቨር ጋር በመለያ ቁጥር ተጣምረው፣ አብዛኞቹም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ፍሪኩዌንሲ እየቀያየሩ ስለሚሠሩ አምስት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ማብረር ይችላሉ። ለአሮጌው የሚሆን ሪሲቨር ማግኘትም ከባድ ነው።

ሁሉም በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ከሆነ የማንኛውም ኩባንያ ሪሲቨር አይሆንም?

አይሆንም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲው አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ኩባንያ ትእዛዙን የሚልክበት የራሱ ፕሮቶኮል አለው። በድሬዳዋ ገበያ ሰው በአንድ ሱቅ በር ላይ ሦስትና አራት ቋንቋ ይቀያይራል፤ ሪሲቨር ግን ብዙውን ጊዜ የተሠራበትን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። የፍላይስካይ ኤኤፍኤችዲኤስ 2ኤ፣ የስፔክትረም ዲኤስኤምኤክስ፣ የፉታባ ፋስት እና ኤክስፕረስ ኤልአርኤስ እርስ በርስ አይሰማሙም።

ስለዚህ ሪሞት ሲመርጡ በእርግጥ የሚመርጡት የሪሲቨር ቤተሰብ ነው። ሪሞቱን አንድ ጊዜ ይገዛሉ፤ ሪሲቨር ግን ለእያንዳንዱ አውሮፕላን አንድ ያስፈልጋል፣ በአደጋም ይሰበራል፣ ገመዱም ይበጠሳል። ለመግዛት ካሰቡት ሪሞት ዋጋ በፊት የሪሲቨሩን ዋጋ ይጠይቁ። አንዳንድ ታዋቂ ኩባንያዎች ሪሞታቸው ግሩም ሆኖ ሪሲቨራቸው የተማሪን ኪስ የሚያራቁት ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው እጅ እስኪመጣ ሳምንታት መጠበቅ ስላለ፣ በመጀመሪያው ትእዛዝ ላይ ቢያንስ ሁለት ትርፍ ሪሲቨር ይጨምሩ። በሰፈርዎ ወይም በዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያበር ሰው ካለ ደግሞ ምን እንደሚጠቀም ይጠይቁትና ተመሳሳዩን ይያዙ። የእሱ ትርፍ ሪሲቨር የእርስዎም መጠባበቂያ ይሆናል፤ የእሱ ልምድም እንዲሁ።

ብዙ ፕሮቶኮል የሚያውቅ ሞጁል (የሬዲዮ ሞገዱን የሚያሰራጨው የሪሞቱ ክፍል) የተገጠመላቸው ሪሞቶች አሉ። የተለያየ ዓይነት አሮጌ ሪሲቨር ላጠራቀመ ሰው ይጠቅማሉ፤ ከዜሮ ለሚጀምር ግን አንዱን ይዞ መጽናት ይሻላል።

ታዲያ ስሙን ጥሩልኝ። የትኛውን ልግዛ?

ለተማሪ የምመርጠው ሬዲዮማስተር ፖኬትን ነው፣ በኤክስፕረስ ኤልአርኤስ የሚሠራውን። በ2023 የወጣ ትንሽ ሪሞት ነው፤ ለልጅ እጅም ይመቻል። በውስጡ ያለው ኤጅቲኤክስ የተባለው ፕሮግራም በትልልቆቹና በውዶቹ ሪሞቶች ላይ ያለው ራሱ ስለሆነ፣ ዛሬ የተማሩት ነገ አይባክንም። ኤክስፕረስ ኤልአርኤስ ክፍት ፕሮጀክት በመሆኑ ሪሲቨሩን ብዙ ኩባንያዎች ይሠሩታል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ወርዷል። ሦስት ነገር ያስተውሉ። ፖኬት ሲሲ2500 በሚባል ሌላ ሞጁልም ስለሚሸጥ ሲያዙ ዓይነቱን ለይተው ይጥቀሱ። 18650 የሚባሉት ሁለት ባትሪዎች አብረው ላይመጡ ይችላሉ። የሪሞቱና የሪሲቨሩ ፕሮግራም የመጀመሪያ የስሪት ቁጥርም አንድ መሆን አለበት፤ ስሪት 2 ከስሪት 3 ጋር አይጣመርም። ይህንን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሪሲቨር ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

ኮምፒውተር ከፍቶ ፕሮግራም ማደስ ለሚከብደው ሰው ፍላይስካይ ኤፍኤስ አይ6 አሁንም ታማኝ ነው። ስድስት ቻናል አለው፣ የ20 አውሮፕላን ማስተካከያ ይይዛል፣ በማንኛውም ሱቅ በሚገኙ አራት ተራ የድንጋይ ባትሪዎች ይሠራል፣ ምናሌውም በአንድ ከሰዓት ይለመዳል።

እጃቸው ትልቅ የሆነ አዋቂዎች ሬዲዮማስተር ቦክሰርን ይመልከቱ። ባለ ቀለም ስክሪኑን ቲኤክስ16ኤስ የሚገዛ ሰው አይጸጸትም፤ ለመጀመሪያ ግን የግድ አይደለም።

የድሬዳዋ አቧራና ሙቀት ሪሞት ይጎዳል?

ይጎዳል፤ በመግዣው ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ወይም በመልካ ጀብዱ መስመር ሜዳ ላይ የቆመ ሰው አቧራው የት የት እንደሚገባ ያውቃል። በሪሞት ላይ መግቢያው በዘንጎቹ ሥር ያለው ክፍተት ነው። በርካሾቹ ውስጥ የዘንጉን አቋም የሚለካው ፖታንሺዮሜትር ነው፤ አንዲት ቀጭን የብረት ምላስ በካርቦን ንጣፍ ላይ እየተፋተገች ትመላለሳለች። አቧራ ሲገባ ንጣፉ ይፋቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዘንጉን ሳይነኩት ሰርቮው ይንዘፈዘፋል፣ ወይም ዘንጉ መሃል ላይ ቆሞ አውሮፕላኑ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ይጎተታል። ሆል ሴንሰር በሚባለው ዓይነት ግን አቋሙን የሚናገረው ማግኔት ስለሆነ የሚፋተግ ነገር የለም። ፖኬት፣ ቦክሰርና ቲኤክስ16ኤስ በዚህ ዓይነት ይሠራሉ፤ አይ6 ግን በፖታንሺዮሜትር ነው። ለእኛ አየር ይህ ልዩነት ከስክሪን ቀለም እጅግ ይበልጣል።

የትኛውንም ቢይዙ ሪሞቱን አሸዋ ላይ አያስቀምጡ፤ ክዳን ያለው ሳጥን ወይም ወፍራም ከረጢት ይኑረው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ዘይት አይንኩት፤ ዘይት አቧራን ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ሪሞት በቆመ መኪና ውስጥ በቀትር አይተውም። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ደግሞ ይህ ቁጥር በድሬዳዋ ግንቦት ቶሎ ይታለፋል። ቤት ሲመለሱ ባትሪው እስኪበርድ ይጠብቁ። ነፋሱም ፀሐዩም ሳይበረታ ማለዳ ማብረር ለእርስዎም ለዕቃውም ይሻላል።

እስከ ምን ያህል ርቀት ይሠራል?

ዓይንዎ ከሚለየው በላይ። አንድ ሜትር ክንፍ ያለው አውሮፕላን 300 ወይም 400 ሜትር ሲርቅ ወደ እርስዎ እየመጣ ይሁን እየሄደ መለየት ያስቸግራል፤ የታወቁት ኩባንያዎች ሪሞቶች በገላጣ ቦታ ይህንን ያህል ያለችግር ይደርሳሉ። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ በተጻፈ ኪሎ ሜትር አይምረጡ።

ርቀትን ከሁሉም በላይ የሚያሳጥረው የአንቴና አያያዝ ነው። ቀጥ ያለ አንቴና ሞገዱን የሚያሰራጨው ከጎኑ ነው፤ በጫፉ አቅጣጫ የሚወጣው እጅግ ደካማ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን የአንቴናውን ጫፍ ወደ አውሮፕላኑ ቀስሮ ይቆማል፤ ይህ ትክክል እየመሰለው ደካማውን ጎን መስጠት ነው። አንቴናውን አጥፈው ጎኑ ወደ አውሮፕላኑ እንዲዞር ያድርጉ። በሪሲቨሩ በኩል ደግሞ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሥራ ላይ ያለው የሽቦው ጫፍ 31 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያ ጫፍ ቀጥ ብሎ፣ ከባትሪና ከካርቦን ዘንግ ርቆ ይቀመጥ። ሁለት አንቴና ካለው አንዱ ከሌላው በ90 ዲግሪ ይቁም። ጉልበት የሚጨምር ሞጁል ከመግዛት በፊት ይህንን ያስተካክሉ። አንቴና ሳይገጠም ሪሞት አይብራ፤ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል።

አዲስ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ሪሞቱን በርቀት መፈተሻ ምርጫው ላይ፣ ከሌለውም በመጨረሻው ዝቅተኛ የማሰራጫ ጉልበት ላይ አድርገው 30 እርምጃ ያህል ይራቁና ሰርቮዎቹ ያለመንተባተብ መታዘዛቸውን ያረጋግጡ።

ፌይልሴፍ የሚሉት ለምንድን ነው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው?

ሰው ስለሚጎዳ። ፌይልሴፍ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሪሲቨሩ በራሱ የሚወስደው እርምጃ ነው። በትክክል ካልተሞላ አንዳንድ ሪሲቨር የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል፤ የመጨረሻው ትእዛዝ ሙሉ ጉልበት ከነበረ አውሮፕላኑ በሙሉ ጉልበት ወደ ሳቢያን ቤቶች ወይም ወደ ከዚራ ጎዳና ይጓዛል። ፕሮፔለር ሥጋ ይቆርጣል፤ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ነገር ከሰማይ በፍጥነት ሲወርድም ቀላል አይደለም። ፌይልሴፍ የሌለው ሪሞትና ሪሲቨር በነጻ ቢሰጥዎ አይቀበሉ።

መሞላቱን ማመን አይበቃም፣ ይፈትኑት። ፕሮፔለሩን ይንቀሉ፤ ይህ ሳይደረግ ቀጣዩ አይደረግም። መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑን ያብሩ። ጉልበቱን ወደ ሲሶ ከፍ አድርገው ሞተሩ እየዞረ ሳለ ሪሞቱን ያጥፉ። ሞተሩ በአንድና ሁለት ሰከንድ ውስጥ መቆም አለበት። ካልቆመ ወደ ምናሌው ተመልሰው የሞተሩን ቻናል ዜሮ ላይ ያስቀምጡና ድጋሚ ይፈትኑ። ሪሲቨር በተቀየረ ወይም እንደገና በተጣመረ ቁጥር ይህ ፍተሻ ከመጀመሪያው ይደገማል።

እኔ ሐረር ነኝ። ከፍታው ሪሞቱን ይነካዋል?

ሪሞቱን አይነካም። የሚነካው ፕሮፔለሩንና ክንፉን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ በመደበኛ ስሌት አየሩ ከባሕር ዳርቻው በድሬዳዋ 11፣ በሐረር 17 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ቀለል ያለ አውሮፕላን ይሥሩ፤ ለማረፍም ሰፋ ያለ ቦታ ይያዙ። በሐረር ኮረብታማነት ምክንያት አውሮፕላኑ ከአንድ ጉብታ ጀርባ እንዳይሰወር ይጠንቀቁ፤ አፈርና ድንጋይ ሞገዱን ይጋርዳሉ።

ከመብረሬ በፊት በኮምፒውተር መለማመድ እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ደግሞም ሊያደርጉት ይገባል። የሬዲዮማስተሮቹ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ እንደ ጨዋታ መቆጣጠሪያ ይታወቃሉ፤ ለአይ6 ለብቻው የሚሸጥ ገመድ ያስፈልጋል። ፒካሲም የተባለው ሲሙሌተር በነጻ ይገኛል። አውሮፕላኑ ወደ እርስዎ ፊቱን ሲያዞር ግራና ቀኝ ይገለበጣል፤ ጀማሪን የሚጥለው ይህ ነው። እጅ ይህንን እስኪለምድ ድረስ የሚሰበረው በስክሪን ላይ ያለው ይሁን።

ያገለገለ ሪሞት ስገዛ ምኑን ልይ?

የቻናሎቹን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን ገጽ ያስከፍቱ። ዘንጎቹን በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ይውሰዱ፤ መስመሩ ሳይዘል አብሮ መሄድና ሲለቀቅ ሁልጊዜ እዚያው መሃል መመለስ አለበት። የባትሪ ቤቱን ከፍተው አረንጓዴ ዝገት ካለ ይተዉት። አንቴናው ከሥሩ መወላለቁን ይዩ። ሻጩ ሪሲቨር ከሌለው ዋጋውን ዝቅ ያስደርጉ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ፣ ይህንን ከመክፈልዎ በፊት ይጨርሱ። ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትም ማብረርም በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ይመለከታል። ሪሞቱ ራሱ የሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ ዕቃ በመሆኑ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ያገባዋል። ምን ለማስገባት እንዳሰቡ፣ ክብደቱንና ፍሪኩዌንሲውን ጽፈው አስቀድመው ይጠይቁ። ተማሪ ከሆኑ በትምህርት ቤቱ ወይም በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መሄዱ መንገዱን ያቀልላል። የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ለከተማዋ ቅርብ ነው፤ በዚያ አካባቢ ሰማይ ላይ ምንም ዓይነት ሞዴል አይነሳም።

ዕቃውን ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ትርፍ የሊቲየም ባትሪዎችን ጫፋቸው ተሸፍኖ በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው።

ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሪሞት መጠቀም ይችላሉ?

ይችላሉ፣ እየተፈራረቁ። ለእያንዳንዱ አውሮፕላን በሪሞቱ ላይ የራሱን ስም ሰጥተው ማስተካከያውን ለየብቻ ያስቀምጡ። አደጋው የአንዱ አውሮፕላን በሌላው ማስተካከያ ሲነሳ ነው፤ ኤለሮኑ ተገልብጦ ሊያዝ ይችላል። ከመነሳት በፊት ከአውሮፕላኑ ጀርባ ቆመው የኤለሮኑን ዘንግ ወደ ቀኝ ይግፉ፦ የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ተቃራኒው ከሆነ በስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ስም ይመልከቱ።